ኮፈን

ገንደ ቆሬ፣ ጓሮ፣ ከኒሙ ዛፍ በታች፣
ሃያ ሰባት ዓመት ሸራ ለብሳ ኖረች፤
በፉርጎ ተጭና ከጅቡቲ የመጣች፣
ሁለት ሰው ይዛ «ሞላሁ» የምትል፣ ቁመቷ ከወገብ የማያልፍ ቀበጥ ነበረች።
የባቡሩ ሙሴ በስልሳ ሰባት
በአንድ ሻንጣ ሲወጣ፣ ቁልፏን ለኡመር ቦኽ አስጨብጦት
«እስክመለስ» አለው አሉ።
ድሬን ለቆ የሚመለስ የደቻቱ ጎርፍ ብቻ ነው፣ እሱም ሳይጠሩት፣ በሌሊት።

የቀበሌ ሰዎች ሊመዘግቡ መጡ፤
ከፊት ከፈቱ፣ ትርፍ ጎማ። ዞረው ከኋላ ገለጡ፣
ባዶ የሻንጣ ጉድጓድ፣ አንድ ጊንጥ።
«አቦ ኡመር፣ ሞተሯስ?»
«ሞተ።»
ከሦስት ፊደል አንዷን ኪሱ ከተተ።
የሞተ አይወረስም። ጻፉ፣ ማኅተም መቱ፣ ሄዱ።
ጊዜውም ሄደ፤ ኡመር ግን ቃሉን አላጠፈ፤
ለሚስቱ ሞተ፣ ለልጆቹ ሞተ፣ ለእኔም፣ እግሩ ሥር ዳዶ ስለቅም ላደግሁት፣
«እሷን ተዋት» ይለኝ ነበር፣ «የሞተ አይነካም»፤ እኔም አመንኩት።

ባለፈው ሐምሌ እሱ ራሱ።
ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በነጭ ከፈን።
ከአርባው በኋላ ሂቦ አስጠራችኝ፣ የመጨረሻ ልጁ፣ ሳቢያን የምታስተምረው፤
«ገዢ መጥቷል፣ ለቆርቆሮዋ። ሞተር ካላት ሞተሩን፣ ከሌላትም ባዶነቷን ሊያይ ነው።
ኮፈኑን አውልቅልኝ።»
አፏ አልተሳሳተም፤ ጆሮዬ ነው ሌላውን ቃል የሰማው።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት። ጫት ሳይገባ ያላለቀ ሥራ ለነገ ነው።
ሸራውን ገፈፍን፤ ዶሮዎቹ ተሳደቡ።
ከበሩ ጉበን አጠገብ ያለውን ገመድ ሳብኩት፤ ቀጭ አለ፣ ትናንት እንደ ተዘጋ።
መገጣጠሚያው ላይ አራት ብሎን፣ አስር ቁጥር ቁልፍ፤
ዝገት ጠብቄ ናፍጣ ይዣለሁ፣ መዶሻ ይዣለሁ፣ ስድቤንም አሰናድቻለሁ፤
በጣቴ ዞሩ።
ጣቴን አየሁ፤ ግራሶ።
የዘንድሮ ግራሶ።

«በዚያ በኩል ያዢ። መስታወቱን እንዳትነኪ። ወደ ላይ፣ አሁን ወደ አንቺ፣ ቀስ።»
ከወንበሩ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማ ፊት፣ ከመሃል፣
ሰው የሆዱን ከሚያኖርበት ስፍራ፣
ሞተሩ።
አቧራ የለ፣ ድር የለ፤ ችንጋው እንደተወጠረ፣
ካንዴላው ራስ ላይ የተቀደደ ሽርጥ ተጠቅልሎ፣ በሽቦ ታስሮ ነበረ።
እኔ አርባ መኪና ፈትቼ አስሬአለሁ፤ እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ኮፈኑን ግድግዳው ላይ ስናስደግፈው ውስጡ ዞረ፤
በጠመኔ፣ እንደ ባቡር ጋራዥ ወግ፣
«ዘይት ታየ» እና ቀኑ። «ዘይት ታየ» እና ቀኑ።
ጎርፉ ድልድዩን የወሰደ ሳምንት። የሂቦ ሰርግ ማግስት።
ሚስቱን የቀበረ ዕለት ማታ።
ሲደበዝዝ የደመቀ፣ ቦታ ሲጠፋ በላዩ የተጻፈ፤
የመጨረሻው ሰኔ ሃያ ዘጠኝ፣ «ታየ» ወደ ታች የዘመመች፣ እጁ እየከዳው።

«ማታ ማታ ፋኖስ ይዞ ይወጣ ነበር» አለች ሂቦ፤
«ሸለምጥማጥ ሰማሁ ይላል፣ ለዶሮዎቹ።»
ከዚያ ሳቀች። ከዚያ በመዳፏ አፏን ያዘች።

ጠመኔዋ ጥጉ ላይ፣ በሲጋራ ቆርቆሮ።
አንስቼ ሰጠኋት፤ «ጻፊ፣ ዘይት ታየ።»
«አላየሁም» አለች፣ እንደ አስተማሪ።
ቀሚሷን ሰብስባ ጎነበሰች። «የትኛው ነው?»
ቀጭኗን ዘንግ አሳየኋት፤
መዘዘች፣ በሻርፗ ጫፍ ጠረገች፣ መለሰች፣ ደግማ መዘዘች፣
ወደ ብርሃን አቀናችው።

ውጭ ገዢው ክላክስ ነፋ። ደገመ።
ሂቦ ዘንጉ ላይ ዓይኗን እንደተከለች፣
«ቆይ በለው» አለች፤
«ገና እያየሁ ነው።»